በዓይን የሚታየው ጠላት፤ የቆዳ ነቀርሳ ታሪክ



ከበሽታዎች ሁሉ ሰውን አብልጦ የሚያስፈራው በሥውር ገብቶ በሥውር የሚሠራው ነው። በጉበት ወይም በሆድ ዕቃ ውስጥ የበቀለ ነቀርሳ ከሥጋና ከአጥንት በስተጀርባ ተሸሽጎ ስለሚያድግ፥ ሐኪሙ እንኳ ያለ መሣሪያ ሊያየው አይችልም። የቆዳ ነቀርሳ ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ በሰውነታችን ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚታይ ጠላት ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ቢሆንም እንኳ፥ ዓይን ካለው ሊያየው ይችላል። ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ስለ ምን ሰው ይሞትበታል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ታሪክ ስለ ሆነ፥ በዛሬው ንግግራችን የዚህን በሽታ ምርምር ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ከሩቅ ሳይሆን ከቅርባችን እንጀምር። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የቀርሳ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከሰርቦ ይደርሳል። ጥቅምት ብቶ የቡናው ፍሬ መቅላት ሲጀምር፥ የዚህ አካባቢ ገበሬ ከነቤተ ሰቡ ከማሳው ይውላል፤ የለቀመውንም እሸት ቡና በአልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ በፀሐይ ያደርቀዋል። ይህ ገበሬ ከአባቶቹ የወረሰው አንድ ታላቅ ጥበብ አለው። የቡናውን ተክል ለጠራራ ፀሐይ አጋልጦ አይተወውም፤ ከሰሳና ከዋንዛ ጥላ ሥር ያሳድገዋል እንጂ። ፀሐይ ፍሬውን ለማድረቅ የምትጠቅመውን ያህል ለለጋው ቅጠል ጠላት መሆኗን ያውቃልና። ደግሞም በማሳው መካከል እየተዘዋወረ፥ ቅጠሉን እየገለበጠ፥ በሽታ ይዞት እንደ ሆነ ይመረምራል። እንግዲህ ይህ ሰው ለቡናው የሚያደርገውን ጥንቃቄ፥ ማለት ጥላ መስጠትንና ገልብጦ ማየትን፥ ለገዛ ገላውና ለልጆቹ ገላ ቢያደርገው፥ ሊቃውንት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደክመው ከደረሱበት ትምህርት አብዛኛውን በእጁ እንደ ያዘ ይቈጠራል።

ነቀርሳ የሚለው ቃል በቋንቋችን የቈየ ነው። የጥንት መድኃኒት አዋቂዎች እየሰፋና ሥጋን እየበላ የሚሄደውን፥ አልድን ያለውን ክፉ ቁስል በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። ዘመናዊ ሕክምና ከገባ በኋላ ቃሉ ለሁለት በሽታዎች ዋለ፤ አንደኛው ቲቢ የሚባለው የሳንባ በሽታ ሲሆን፥ ሁለተኛው ካንሰር ነው። ሁለቱ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ተሐዋሲ ምክንያት ይመጣል። ካንሰር ግን የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ሥርዓታቸውን ለቀው ያለ ልክ ሲበዙ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ የቆዳ ነቀርሳ የያዘውን ሰው፥ ይጋባብናል ብሎ መሸሽና ከማዕድ ማግለል ከባድ ስሕተት ነው።

የቆዳ ነቀርሳ ዋና ዋና ዓይነቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከላይኛው ቆዳ ከታችኛው መደብ ይነሣል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፥ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተውም ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በላይ ካሉት ጠፍጣፋ ሕዋሳት ይነሣል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ በፀሐይ በተጐዳ ቆዳ፥ በቈየ ቁስልና በጠባሳ ላይ ይበቅላል። ሦስተኛው ሜላኖማ የሚባለው ነው። እርሱም ለቆዳችን ጥቁረት ወይም ጠይምነት የሚሰጠውን ሜላኒን የተባለውን ቀለም ከሚሠሩት ሕዋሳት ይነሣል፤ ከሦስቱም ጨካኙ እርሱ ነው። በጊዜ ካልተቈረጠ ከቆዳው ሥር ሰርጎ በደምና በንፍፊት መንገድ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጉበትና ወደ አንጐል ይደርሳልና።

ስለዚህ በሽታ በጥንቃቄ ከጻፉት ሐኪሞች አንዱ ፐርሲቫል ፖት የተባለው የሎንዶን ቀዶ ጥገና ሊቅ ነው። በ1775 እርሱ የተመለከታቸው ሰዎች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በጢስ መውጫ ውስጥ እየገቡ ጥቀርሻ የሚጠርጉ ድኾች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ካደጉ በኋላ ጥቀርሻው በሚከማችበት በጕያቸው አካባቢ ባለው ቆዳ ላይ ነቀርሳ ይወጣባቸው ነበር። ፖትም በሽታው ከሥራቸው የመጣ መሆኑን ገለጠ። በዚህም ነቀርሳ ያለ ምክንያት የሚወርድ መቅሠፍት አለመሆኑ፥ ሰው ሊያውቀውና ሊርቀው የሚችል መነሻ ያለው መሆኑ ታወቀ። የመከላከል ትምህርት ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ በ12ኛው ዓመት፥ ማለት በ1787፥ ጆን ሀንተር የተባለ ሌላ የሎንዶን ሐኪም ከአንድ ሰው መንጋጋ በስተጀርባ ያበጠ ጥቁር ሥጋ ቈርጦ አወጣ። ምን እንደ ሆነ ግን በስሙ ለይቶ አላወቀውም። ቍራጩ በብልቃጥ ተቀምጦ ለብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ፥ በ1968 በማይክሮስኮፕ ቢመረመር ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። በሽታው እንደ ራሱ ሆኖ የተለየው ግን ኋላ ማዳመጫውን በፈለሰፈው በፈረንሳዊው ሐኪም በሬኔ ሌኔክ ነው። እርሱ በ1804 ለባልንጀሮቹ ባቀረበው ንግግርና በ1806 ባሳተመው ጽሑፍ፥ በሳንባ ውስጥ ያገኛቸው ጥቁር እብጠቶች ከከሰል ብናኝ የመጡ ሳይሆኑ ራሱን የቻለ በሽታ መሆናቸውን አስረዳ፤ ስሙንም ጥቁር ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣለት። ከእርሱም በኋላ በ1820 ዊልያም ኖሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሽታው በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሊታይ እንደሚችል ጻፈ።

አሁን ደግሞ ለእኛ አገር ይበልጥ ወደሚቀርበው ወደ ጠባሳው ነቀርሳ እንለፍ። በ1828 ዣን ኒኮላ ማርዦላን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአሮጌ ጠባሳ ላይ የሚነሣውን አልድን ባይ ቁስል ገልጦ ጻፈ፤ ቁስሉም ከጊዜ በኋላ በስሙ ተጠራ። ከካሽሚር ሰዎች የተገኘው ትምህርትም ይህን ያጠነክራል። እነዚህ ሰዎች የክረምቱን ብርድ ለመከላከል ፍም የተሞላ ትንሽ ሸክላ በቅርጫት አድርገው ከልብሳቸው ሥር ይይዛሉ። በዚህም ልማድ ሆዳቸውና ጭናቸው ዘወትር እየተለበለበ፥ ከብዙ ዓመት በኋላ በተቃጠለው ቆዳ ላይ ነቀርሳ ይወጣባቸዋል። በእኛም ዘንድ ምድጃው መሬት ላይ በሆነበት ቤት ሁሉ ሕፃናት ከእሳት ይወድቃሉ፤ የፈላ ውኃ ይደፋባቸዋል። ቃጠሎው በሚገባ ካልታከመ ጠባሳው እየተሰነጠቀና እየደማ ለዐሥርና ለሃያ ዓመት ይቈያል። ሰውየው ለምዶት፥ በጨርቅ ጠቅልሎት፥ ከእርሻው ይውላል። አንድ ቀን ግን የቁስሉ ከንፈር ይደነድናል፥ እንደ አበባ ጐመን ያብጣል፥ ጠረኑ ይለወጣል። ያ ቀን ነቀርሳው የጀመረበት ቀን ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክር ከዚህ የበለጠ ቦታ አያገኝም።

ይህ አደጋ በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው ለደነዘዘባቸው ሰዎችም የታወቀ ነው። ሕመም ስለማይሰማቸው ውስጥ እግራቸው ቈስሎ ለብዙ ዓመት ሳይድን ይቀራል፤ ከእነዚህም ቁስሎች አንዳንዶቹ ወደ ነቀርሳ ይለወጣሉ። በአዲስ አበባ በዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ሥፍራ በ1965 የተቋቋመው አለርት፥ በአጠገቡም በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፥ ሥራቸውን በሥጋ ደዌ ቢጀምሩም አገሪቱ ስለ ቆዳ በሽታ በጠቅላላው ላላት ዕውቀት መሠረት ሆነዋል።

ስለ ፀሐይ ደግሞ ፓውል ኡና የተባለው የጀርመን የቆዳ ሐኪም በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባሕር ፀሐይ የተጋለጡ መርከበኞች ፊታቸውና እጃቸው ነቀርሳ እንደሚያወጣ አመለከተ። በ1928ም ፊንድሌይ የተባለ ሊቅ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ጨረር በአይጦች ላይ እያበራ ነቀርሳ እንዲበቅልባቸው በማድረግ ነገሩን በሙከራ አረጋገጠ። ይህ ጨረር ከባሕር ወለል ወደ ላይ በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቍጥር ከመቶ 10 እስከ 12 ያህል ይጨምራል። ለምድር ወገብ የቀረበውና ከፍታው የበዛው አገራችን ጨረሩ ከሚበረታባቸው አገሮች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ፈጣሪ ለሕዝባችን ቆዳ የሰጠው ሜላኒን እንደ ሰሳው ጥላ ሆኖ ጨረሩን ይመክትለታል። ፀሐይ የምታመጣው ነቀርሳ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ እጅግ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው። ከዚህ ጥላ የተራቈቱ ወገኖች ግን በመካከላችን አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው፥ ማለት ሜላኒን ጐድሏቸው ቆዳቸውና ጠጕራቸው ነጥቶ የተወለዱ ልጆች፥ ያለ ባርኔጣና ያለ ረጅም እጅጌ በማሳ ከዋሉ ገና በወጣትነታቸው በፊታቸው፥ በጆሯቸውና በአንገታቸው ላይ ነቀርሳ ሊወጣባቸው ይችላል። ይህ መርገም አይደለም፥ ለምጥም አይደለም፤ ከአባትና ከእናት በዘር የሚወረስ የቀለም ማነስ ነው። በታንዛኒያ በሞሺ ከተማ ለእነዚህ ሰዎች ተብሎ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እየተቀመመ መታደሉ ለአፍሪቃ ሁሉ መልካም ምሳሌ ነው። የሰርቦ ወላጅ ግን ቅባቱን እስኪያገኝ ድረስ እጁን አጣጥፎ ሊጠብቅ አይገባውም። ሰፊ ባርኔጣ፥ እጅጌው የረዘመ ልብስ፥ ጥላና ልጁ በረፋድና በቀትር ፀሐይ እንዳይወጣ ማድረግ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው። ለቡናው ዋንዛ የተከለ ሰው ለልጁ ባርኔጣ ሊነፍገው አይገባም።

ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ይመክታል የተባለው እውነት ግን አንድ ታላቅ ስሕተት ወልዷል። ይኸውም፥ ጥቁር ሰው የቆዳ ነቀርሳ አይይዘውም የሚለው ነው። ይህን ስሕተት ያፈረሱት በጐረቤቶቻችን አገር የተደረጉ ምርምሮች ናቸው። በ1935 ሂወር የተባለ ሐኪም በካርቱም ሲሠራ ያገኘውን አሳተመ፤ በሱዳናውያን ላይ ሜላኖማ እንደሚወጣና የሚወጣውም በተለይ በእግር ላይ መሆኑን አመለከተ። ምክንያቱም በባዶ እግር በመሄድ የሚደርሰው የእሾህና የድንጋይ ቁስል ይሆናል ሲል ገመተ። በ1967 ደግሞ ሉዊስ የተባለ ሊቅ የኡጋንዳን ሕመምተኞች መርምሮ፥ ሜላኖማው አብልጦ የሚነሣው ከውስጥ እግር መሆኑን አሳየ። ቁስል ብቻውን መነሻ ስለ መሆኑ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ ሥፍራውን በሚመለከት ግን ክርክር የለም። በአፍሪቃውያን ዘንድ ሜላኖማ ከሁሉ ይልቅ የሚመርጠው ሰው ከገላው ሁሉ የማያየውን ቦታ ነው።

ከውስጥ እግር ቀጥሎ መሸሸጊያው የጥፍር ሥር ነው። ጆናታን ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1886 ከጥፍር ሥር የሚነሣውንና ጥቁረቱ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ የሚዘልቀውን ሜላኖማ ገልጦ ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ አንድ ክፍለ ዘመን ሊሞላ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፥ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው በዚሁ በሽታ ተያዘ። እርሱም የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ ነው። በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ የነበረው ቁስል ከእግር ኳስ ጨዋታ የመጣ መስሎ ነበር፤ በ1977 ግን ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩትም አልፈቀደም፤ የተደረገለት ከዚያ ያነሰ ቀዶ ጥገና ነበር። በ1978 አገራችንን ጐበኘ። በ1980 በሽታው ወደ ሌላው ሰውነቱ ተዛምቶ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠመቀ፤ በሜይ 11 ቀን 1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። በ2005 ስድሳኛው የልደት በዓሉ በአዲስ አበባ በመስቀል አደባባይ ሲከበር ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ ሕዝብ መካከል በጥፍር ሥር ስለሚወጣ ጥቁር መስመር የሰማ ስንቱ ይሆን?

የጊዜ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ በልኬት ያስረዳው አሜሪካዊው ሐኪም አሌክሳንደር ብሬስሎው ነው። በ1970 ባሳተመው ጥናት የሜላኖማው ውፍረት የሕመምተኛውን ዕድል እንደሚወስን አሳየ። ውፍረቱ ከ0.76 ሚሊ ሜትር ያነሰ ሆኖ የተቈረጠለት ሰው የመዳን ተስፋው እጅግ ከፍ ያለ ነበር፤ እየወፈረና ወደ ታች እየሰረገ በሄደ መጠን ግን ተስፋው ይመነምናል። አንባቢዎች ሆይ፤ ይህን ነገር በማሳው ውስጥ አስቡት። አንድ ገበሬ በጥቅምት ወር በውስጥ እግሩ ጥቁር ነጥብ ያያል እንበል። ቡናው ይለቀም፥ ይድረቅ፥ ይሸጥ፥ ከዚያ በኋላ እታከማለሁ ይላል። ቡናው ሲሸጥ የልጅ ሠርግ ይመጣል፤ ሠርጉ ሲያልፍ የእርሻ ወራት ይደርሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያ ነጥብ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠብቀውም። በ0.76 ሚሊ ሜትርና በ4 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት በቡናው አልጋ ላይ እንደ ኢምንት ነው፤ በሰው እግር ላይ ግን በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ርቀት ሊሆን ይችላል።

ይህን በማሰብ በ1985 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ማንም ሰው ሊይዛቸው የሚችል አራት ምልክቶችን አወጡ። እነርሱም፥ የነጥቡ ቅርጽ ግራና ቀኙ አለመመሳሰሉ፥ ዳርቻው መቦጫጨቁ፥ ቀለሙ ከአንድ በላይ መሆኑና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ማለፉ ናቸው። በ2004 ሌሎች ሊቃውንት አምስተኛውን ጨመሩ፤ እርሱም የነጥቡ መለዋወጥ ነው። ለእኛ ከአምስቱም የሚበልጠው ይኸው አምስተኛው ነው። ማርያም የሳመችው የምንለው ከልጅነት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ትናንት ያልነበረ፥ ወይም እየሰፋ፥ እየጠቈረና እየደማ የሚሄድ ምልክት ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በምላጭ መብጣት፥ በጋለ ብረት መተኰስ ወይም በሚያቃጥል ቅጠል ማሸት ምልክቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ በሽታውን አይነቅለውም። ሐኪሙ ግን ከሥፍራው ጥቂት ቆዳ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምረዋል፤ ነቀርሳ ከሆነም ከነሥሩ ያስቈርጠዋል።

ለተዛመተው ሜላኖማ ከ2011 ጀምሮ የሰውነትን የመከላከል ኀይል የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል፤ ወደዚህ መንገድ የመሩት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው። በአገራችንም በጨረር ለመታከም ለብዙ ዓመታት የነበረው ብቸኛ ሥፍራ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ስለዚህ ለእኛ ትልቁ መድኃኒት አስቀድሞ ማየት ነው።

በዚህ ረገድ የጅማ አውራጃ ባዶ እጁን አይደለም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 ለወራሪው ወታደሮች የተሠራው የጅማ ሆስፒታል ዛሬ የሕዝቡ ሆኗል። በ1983 የጤና ሳይንስ ተቋም ተከፈተ፤ በ1999ም ከእርሻው ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በ2005 ዩኒቨርሲቲው የግልገል ጊቤን የመስክ ምርምር ጣቢያ ሲያቋቁም የቀርሳ ወረዳ ቀበሌዎችም በጥናቱ ውስጥ ገቡ። የሰርቦ ጤና ጣቢያ የወባ መዛግብትም ተመርምረው በ2009 ለዓለም ሊቃውንት ታትመዋል። ወባን በደም ጠብታ ለመፈለግ የደረሰ ትጋት፥ ነቀርሳን በእግር ላይ ለመፈለግም ሊደርስ ይችላል።

ትጋቱ ከወጣቶች እንደሚመጣ የሚያሳይ ምሳሌም አለን። ሄመን በቀለ የተባለው ልጅ በአዲስ አበባ ተወልዶ በ4 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደ። በኢትዮጵያ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሲሠሩ ማየቱ ከአእምሮው ስላልጠፋ፥ የቆዳ ነቀርሳን የሚዋጋ መድኃኒት የተቀላቀለበት ሳሙና አሰበ። ገና በ14 ዓመቱ፥ በ2023፥ በአሜሪካ በሚደረገው የወጣት ሳይንቲስቶች ውድድር አንደኛ ወጥቶ 25,000 ዶላር ተሸለመ፤ በ2024ም ታይም የተባለው መጽሔት የዓመቱ ልጅ ብሎ መረጠው። ሳሙናው በዚያን ጊዜ ገና በቤተ ሙከራ የሚመረመር እንጂ ለሕመምተኞች የሚታደል አልነበረም፤ ከሐሳብ እስከ መድኃኒት ያለው መንገድ ረጅም ነውና። ነገር ግን ልጁ ያሰበበት ዕቃ ትምህርት ይሰጠናል፤ ሳሙና በድኻውም ቤት አይታጣም።

ሳሙናውን ካነሣን ዘንድ ስለ እጥበት ተናግረን እንጨርስ። ያገራችን ሰው ማታ ከሥራ ሲገባ ልጆቹ ውኃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ እንግዳም ሲመጣ ይኸው ክብር ይደረግለታል። በጅማና በሰርቦም ለሶላት ውዱእ የሚያደርገው ሰው እግሩን በቀን ብዙ ጊዜ ያጥባል። ይህን የመሰለ የምርመራ ልማድ ያለው ሕዝብ ጥቂት ነው፤ የጐደለው ውኃው ወይም እጁ ሳይሆን የዓይን ትኵረቱ ብቻ ነው። እንግዲህ እናንተ ወጣቶች፥ የአባታችሁንና የእናታችሁን እግር ስታጥቡ ውስጥ እግሩን፥ በጣቶች መካከል ያለውንና የጥፍሩን ሥር ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። አዲስ ጥቁር ነጥብ፥ የሚሰፋ የጥፍር መስመር ወይም አልድን ያለ ቁስል ካያችሁ፥ ቡናው እስኪሸጥ አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጫማ ማድረግንም ልመዱ፥ አስለምዱም፤ እሾህን ይከላከላል፥ እግርን ከሚያሳብጠው ከቀዩ አፈርም ይጠብቃል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ በሽታ ግን ራሱን አይሸሽግም፤ የምንሸሽገው እኛው ነን። አንባቢዎች ሆይ፤ ዛሬ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ገልብጣችሁ እዩት።